ማኅበሩ እዚህ፣ ቤቱ ቆቦ
(በተማሪዎች ኅብረት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬና ከዞብል ተራራ ሥር ካሉት ቀበሌዎች መጥተን በዚህ ዩኒቨርሲቲ የምንማር ሴቶችና ወንዶች ነን። በስብሰባው ፊት የቀረበው ሐሳብ፣ አሁን ካለው የሴት ተማሪዎች ማኅበር ሌላ አንድ አዲስ የእኅቶች ማኅበር ይቋቋም፣ ማኅበሩም የራሱ መኖሪያ ቤት ይኑረው የሚል መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማኅበሩ መቋቋሙን እንደግፋለን። ቤቱ በዚህ ግቢ አጠገብ ይሁን የሚለውን ግን አንደግፍም። ቤቱ ቆቦ መሆን አለበት እንላለን። ይህን ሐሳብ በኮሚቴው ፊት ባቀረብን ጊዜ «እንግዲያው ባሕር ማዶ አድርጉታ!» ብሎ የሳቀ ወንድማችን ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጧል፤ ሳቁን ይዞ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን።

ባሕር ማዶ ከተነሣ ዘንድ ነገሩን ከዚያው እንጀምር። በአሜሪካ ኮሌጆች በግሪክ ፊደላት የሚጠሩ የወንድሞችና የእኅቶች ማኅበራት እንዳሉ ብዙዎቻችን በፊልም አይተናል። በፊልም የሚታየው ጭፈራው ነው፤ ታሪኩ ግን ከጭፈራው ይሰፋል። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው የአሜሪካ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሴቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት በጀመሩበት በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ብዙዎቹ ኮሌጆች ለወንዶች ታስበው የተሠሩ ስለ ነበሩ፣ ሴቲቱ ስሟ በመዝገብ ይጻፍላት እንጂ የማደሪያዋ ነገር የራሷ ጣጣ ነበር። በ1870 በኢንዲያና ካፓ አልፋ ቴታ የተባለው የሴቶች ማኅበር ሲመሠረት፣ መሥራቾቹ ወንዶች በሞሉበት ኮሌጅ ውስጥ በጣት የሚቈጠሩ ሴቶች ነበሩ። ውሎ ሲያድር እንዲህ ያሉት ማኅበራት ቤት እየተከራዩ፣ አቅም ሲያገኙም እየገዙ፣ አባሎቻቸውን በአንድ ጣራ ሥር ማኖር ያዙ።

በቀድሞ ማኅበር ላይ አዲስ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ለማየት የሚፈልግ ደግሞ የዋሽንግተኑን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ይመልከት። ሃዋርድ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም፤ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት ነው። በዚያ በ1908 አልፋ ካፓ አልፋ የተባለ የጥቁር ሴቶች ማኅበር ተመሠረተ። በ1913 ሃያ ሁለት ሴቶች ከዚያ ወጥተው ዴልታ ሲግማ ቴታ የሚባል ሌላ አቆሙ፤ የመጀመሪያ የአደባባይ ሥራቸውም በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በዋሽንግተን በተደረገው ሰልፍ መውጣት ነበር። በ1920 ደግሞ በዚያው ግቢ ሦስተኛ ተጨመረ፤ ስሙም ዜታ ፋይ ቤታ ነው። ያን ጊዜ «ተከፋፈሉ፣ ጠፉ» ያላቸው ሰው ሳይኖር አልቀረም። ሦስቱም እስከ ዛሬ አሉ። አሁን ያለው የሴት ተማሪዎች ማኅበር መሪዎች «አዲሱ ሲመጣ የእኛ ይዳከማል» ብለው የሚሠጉትን ሥጋት ስለምናከብረው ነው ይህን የምናነሣው። አንዲት ተማሪ የሁለቱም አባል ብትሆን የሚከለክላት ደንብ እንዳይጻፍ እንጠይቃለን፤ ይህ ከሆነ የሚዳከም አናይም።

የእነዚህ ማኅበራት ነውራቸውም መነገር አለበት። አዲስ አባል የሚቀበሉት በምርጫ ነው፤ ምርጫውም ብዙ ጊዜ በመልክ፣ በአባት ሀብትና በወሬ ሆኖ ኖሯል። ከነጮቹ ማኅበራት ብዙዎቹ ጥቁርና አይሁዳዊት እንዳትገባ በደንባቸው እስከ መጻፍ ደርሰው ነበር። ይህን የመሰለውን ነገር ማንም ወደ ግቢያችን እንዲያመጣብን አንፈልግም።

ከዚያው አገር ልንቀዳው የሚገባን ሌላ ነው። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ሴት ተማሪዎች መማር ይፈቀድላቸው እንጂ በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ መኖር አይችሉም ነበር። በ1919 በዚያ ክፍለ ሀገር ያሉ የጥቁር ሴቶች ክበባት ኅብረት ገንዘብ አዋጥቶ በአዮዋ ሲቲ አንድ ቤት ገዛላቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቤቱን የገዙት ክበባት በየከተማው ተበትነው የሚኖሩ ሴቶች ናቸው፤ በዚያ ቤት የሚያድሩት ደግሞ የነሱም ልጆች፣ የማያውቋቸው ሰዎችም ልጆች ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ለጥቁር ተማሪዎች የተከፈተው በ1946 ነው። በመካከሉ ላለው ሃያ ሰባት ዓመት ያ ቤት ባይኖር ኖሮ «መግባት ተፈቅዶልሻል» የሚለው ቃል ባዶ ቃል ይሆን ነበር። እኛ የምንለውም ይኸንኑ ነው፤ ማኅበርተኞቹ ሌላ ቦታ ሆነው፣ ቤቱን ግን ልጅቷ በምትሰናከልበት ቦታ ላይ ማቆም።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ልማድ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ከመምህራን ወገን ቀርቦልናል። ጥያቄው በዚህ አገር የተማሪ ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ የልብስ ፋሽን ትርኢት ሲደረግ፣ ተማሪዎች ይህ የባዕድ ጌጥ ድኻ በሞላበት አገር ምን ያደርጋል ብለው ተቃውሞ አንሥተው ነበር፤ ተቃውሞው በሴቶቹ ላይ በተሰነዘረበት አኳኋን ላይ ሐሳባችን የተለያየ ቢሆንም፣ ጥያቄያቸው ተገቢ ጥያቄ ነበር። ማኅበር ግን ከፈረንጅ የምንበደረው ነገር አይደለም። ወሎ ውስጥ ሌላው አገር እድር የሚለውን ቅሬ እንለዋለን፤ ሰው ሲሞት ከቅሬው የሚቀር የለም፣ የቀረም ይቀጣል። ክርስቲያኑ የጽዋ ማኅበር አለው፤ እስላሙ ወዳጃ ይቀመጣል፤ ለአጨዳውና ለውቂያው ደቦና ወንፈል አለ። እናቶቻችን ከነዚህ ከሦስትና ከአራቱ ያላነሰ አባልነት አላቸው፤ የኅብረታችን ጸሐፊዎች ከሚይዙት መዝገብ ይልቅ የነሱ የቃል መዝገብ የታመነ ነው ብንል ማንንም ለማስቀየም አይደለም።

ነገር ግን በእናቶቻችን ማኅበርና በእኛ መካከል አንድ ልዩነት አለ። የጽዋ ማኅበር ቤት የለውም። ቤቱ የተረኛዋ ቤት ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ በሚቀጥለው ወር እዚያ እያለ ይዞራል። ይህ ሊሆን የቻለው ማኅበርተኛ ሁሉ ቤትና ጓዳ ስላላት ነው። ከገጠር ወጥታ በከተማ የምትማር ልጃገረድ ግን ጓዳ የላትም። ተራ ሲደርሳት የምትዘረጋው መሶብ የላትም። ስለዚህ የተማሪ ልጃገረዶች ማኅበር የሚጀምረው እናቶቻችን ጨርሰውት ከተነሡበት ነገር ነው፤ ይኸውም ቤት ነው።

የሴት ልጅን ትምህርት በማደሪያ መጀመርም በአገራችን የታወቀ ነው። እቴጌ መነን በ1920ዎቹ መጀመሪያ በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲያቆሙ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት አድርገው ነው ያቆሙት፤ ከጠላት ወረራ በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዳይሬክተርነት መርተውታል። የእቴጌይቱ እናት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ናቸው፤ በስማቸው የተጠራው የደሴው ትምህርት ቤትም የወሎን ልጆች በብዛት ያስተማረ ነው። ቆቦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባልነበረበት ዘመን የራያ ልጅ ወልድያ፣ ደሴ ድረስ ሄዶ ነበር የሚማረው። ይሄድ የነበረውም «ልጅ» ሲባል ወንዱ ነው። ሴቲቱን ማን ጋ ያሳድሯታል?

አሁን ወደ ቆቦ እንምጣ። ከወልድያ ወደ ሰሜን በአስፋልቱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ፣ ጎብዬንና ሮቢትን አልፈው ቆቦ ይደርሳሉ። ቆላ ነው፤ ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፣ በምዕራብ የደጋው ገደል፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይዘውታል። አፈሩ ለም ነው፤ ዝናቡ ግን አይታመንም፣ ስለዚህ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን የጎሊናንና የሆርማትን ጎርፍ በጠለፋ እየመለሰ ማሳውን ያጠጣል። የአገሩ እህል ማሽላና ጤፍ ነው። ቆቦን በመስኮት አይቶ ያለፈ መንገደኛ ሙቀቱንና አቧራውን ያስታውስ ይሆናል። በኅዳር የቆመውን ማሽላ ያየ ግን ድኻ አገር ነው ብሎ አይናገርም።

በዚህ ሜዳና በተራራው ሥር ያለች ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በቀበሌዋ ወይም በአጎራባች ቀበሌ ትማራለች። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት ቤቱ ከተማ ነው። በእግር ሦስትና አራት ሰዓት የሚሄድ መንገድ በየቀኑ ተመላልሳ ልትማር ስለማትችል፣ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ትከራያለች። ክፍሏን ከመካከላችን ሦስቱ ኖረንባታልና እንደሚከተለው ናት። የቆርቆሮ ጣራ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ስንቅ የያዘ ማዳበሪያ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት፤ እሑድ ማታ እንጀራ፣ ሽሮና ድርቆሽ ተሸክሞ መመለስ። እንጀራው በቆላው ሙቀት ረቡዕ ሳይደርስ ይሻግታል፤ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ያለው በድርቆሽና በበሶ ነው የሚታለፈው። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ቀን የሚያህለው የትምህርት ልብ የሚጠፋው በዚህ ነው፤ ይህን ያልኖረበት ሰው «ሴቶች ሒሳብ አይወዱም» ይላል።

አከራይዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ቢሆንም «ልጄ፣ ኪራዩን ልቀንስልሽና እንጀራውን ጋግሪልኝ» ማለቷ አይቀርም፤ ከእንጀራው ቀጥሎ ቡናው፣ ከቡናው ቀጥሎ ውሃው ይመጣል፤ ልጅቷ ሳታስበው ደመወዝ የሌላት ሠራተኛ ትሆናለች። መብራቱ የአከራይዋ ነው፣ በሦስት ሰዓት ይጠፋል። የበሩ መዝጊያ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይቆለፍም። ስለ መጸዳጃው አንናገርም፤ በየወሩ ለሴት ልጅ ስለሚመጣው ነገር ግን ወንዶች ወንድሞቻችን ባሉበት እንናገራለን፣ ምክንያቱም በነዚያ ቀናት በግቢው ውስጥ የምትታጠብበት የተከለለ ቦታ ስለሌላት ትምህርት ቤት የማትሄድ ልጅ እናውቃለን፤ ከመካከላችንም አሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልባችሁን እንድትሰጡን የምንፈልገው ለአንድ ነገር ነው፤ የእህሉ ወራትና የትምህርቱ ወራት አይገጣጠሙም። የራያ ገበሬ ረጅም ጊዜ የሚወስደውን ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ያጭዳል፣ ይወቃል። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው። መስከረም ማለት በከተማ የአደይ አበባ ወር ነው፤ በገበሬ ጓዳ ግን ያለፈው ዓመት እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ ያለበት ወር ነው። ኪራይ፣ ደብተር፣ የደንብ ልብስ የሚጠየቀው በዚህ ወር ነው። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ማሽላው ሲያሽት ወፍ ይወርድበታል፤ ልጆች በማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ካልጠበቁ ሰብሉ አይተርፍም። እናም አባት «እስከ ኅዳር ታገሺ፣ ማሽላው ሲገባ ትሄጃለሽ» ይላል። አባት ዋሽቶ አይደለም፤ ማሽላው ሲገባ በእርግጥ ገንዘብ ይኖረዋል። ነገር ግን በኅዳር የምትመጣ ተማሪ ሁለት ወር ተኩል ያመለጣት ተማሪ ናት፤ መምህሩም መዝገቡን ዘግቷል። በመስከረም ያልገባች ልጅ በሚቀጥለው መስከረም እንድትገባ የሚያደርጋት አዲስ ነገር የለም። በመካከሉ ሽማግሌ ይመጣል። ወይም ደላላ ይመጣል።

ስለ ሽማግሌው ብዙ አንልም፤ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ከከለከለ ቆይቷል፣ ሕጉ ያለበትና ልጅቷ ያለችበት ቦታ ግን አንድ ላይሆን ይችላል። ስለ ደላላው ግን የሰሜን ወሎ ሰው የሚያውቀውን ሁሉም ይወቀው። በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ የሚወስደው መንገድ ከደጃችን ይጀምራል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመለሱት መካከል የራያ ልጆች ነበሩ፤ ተመልሰው ደግሞ የሄዱም ነበሩ። ደላላው ለልጅቷ የሚያቀርብላት ምንድን ነው? መጓጓዣ፣ ማደሪያ፣ ዱቤም ጭምር ነው! በኋላ ትከፍዪኛለሽ ይላታል። ትምህርት ቤቱ ከነዚህ አንዱንም አያቀርብላትም። ደላላውን የሚያሸንፍ ስብከት አይገኝም፤ የሚያሸንፈው ከሱ ቀድሞ በመስከረም ማደሪያና ዱቤ ያቀረበ ነው።

የማሽላው ዓመት የከፋ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይብሳል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በራያ ቆቦ ላይ ወርዶ ለአጨዳ የደረሰውን ሰብል በላ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ዳግመኛ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ያየነውን ሁሉ እዚህ ለመዘርዘር አልመጣንም። ግን «ይህ ጊዜ ቤት የሚሠራበት ነውን?» ላሉን መልስ መስጠት ይገባናል። እኛም ስለዚህ ሦስት ማታ ተከራክረንበታል። ልጃገረዶችን ባንድ ቦታ መሰብሰብ በሁከት ጊዜ አደጋ አለው፤ ይህን የሚክድ ከመካከላችን የለም። የደረስንበትም ይህ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ካልተከፈተ ቤቱ አይከፈትም፤ መንገዱ ሊዘጋ ነው ሲባል ልጆቹ ከሁሉ አስቀድመው በየወላጆቻቸው እጅ ይረከባሉ፤ ይህን የሚወስነው እዚህ የተቀመጠ ኮሚቴ ሳይሆን እዚያ ያሉት ወላጆች ናቸው። ቤቱን የምንገዛ ሳይሆን የምንከራይ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቤቱ እንዲህ ይሁን እንላለን። በመጀመሪያው ዓመት ዐሥራ ሁለት ልጃገረዶች የሚይዝ አንድ ግቢ፣ አራት ክፍል፣ ለአንድ ክፍል ሦስት ሦስት። ዐሥራ ሁለት ጥቂት ነው የሚል ይኖራል፤ በርግጥ ጥቂት ነው። የምንችለው እሱን ነው። የሚገቡት በውጤት ተመርጠው አይሁን፤ ጥሩ ውጤት ያላት ልጅ ብዙ ጊዜ መንገዷ ያጠረ ልጅ ናት። በእግር ከሁለት ሰዓት በላይ የምትሄድ፣ በከተማው ዘመድ የሌላት፣ ይህን ታሟላ። ከዐሥራ ሁለት በላይ ከሆኑ በወላጆች ፊት ዕጣ ይውጣ። በመልክ፣ በወንዝ ልጅነትና በሃይማኖት መምረጥ እንዳይኖር ይህ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው፤ ዕጣን የማያከብር የወሎ ሰው አላየንም።

የሃይማኖት ነገር በኮሚቴው ብዙ ጊዜ ወስዶ ነበር። ቆቦ ላይ ግን ይህ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም። በቤቱ ውስጥ ሥጋ አይገባም፤ የፈለገች በበዓሏ ቤቷ ሄዳ ትበላለች። ሽሮና ምስር የክርስቲያንም የእስላምም ነው። በረመዳን ለሌሊቱ ምግብ የሚነሡ ይነሣሉ፣ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ይቆያሉ፤ ምድጃው ያው አንድ ነው። ሁለቱ ወገን ለየብቻ የሚጸልዩበት ጥግ ይበቃል። አንድ ቤተ ሰብ ውስጥ አሕመድና ገብሬ ወንድማማች ሆነው በሚኖሩበት አገር፣ ይህን ደንብ በአራት ገጽ መጻፍ አያስፈልግም ነበር፤ ኮሚቴው ግን ጽፎታል።

በቤቱ አንዲት የቤት እናት ትኖራለች። በከተማው የታወቀች፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብራት፣ ልጆቹ «እትዬ» ብለው የሚጠሯት ሴት ትሁን፤ ደመወዝም ይቈረጥላት። በነፃ የምታገለግል ደግ ሴት እናገኛለን የሚለውን ሐሳብ ጥለነዋል፤ ደግነት በሁለተኛው ወር ይደክማል፣ ደክሞትም ቢሆን ተጠያቂ የለውም። መብራት እስከ አራት ሰዓት ይበራል። የጥናቱ ሰዓት ሲሆን ማንም ልጅ እንጀራ አትጋግርም፤ መጋገሪያው በተራ፣ ቅዳሜ ነው።

ወጪው በሁለት ይከፈላል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ሦስት ወር ኪራዩንም ቀለቡንም ማኅበሩ ይሸፍናል። ይህ ምጽዋት አይደለም፣ ብድር ነው። በታኅሣሥ ውቂያ ሲያልቅ እያንዳንዱ ወላጅ አንድ ኩንታል ማሽላ ለቤቱ ጎተራ ያስገባል። ማሽላው ባልያዘበት ዓመት ዕዳው ወደ ሚቀጥለው ታኅሣሥ ይዛወራል እንጂ ልጅቷ አትወጣም፤ ይህች አንዲት አንቀጽ ከደንቡ ከተሰረዘች ሌላውን ሁሉ አብረን እንድንደግፍ አትጠብቁብን። በዚህ ግቢ መቶ አባል ብናገኝና እያንዳንዱ በወር 50 ብር ቢያዋጣ በዓመት 60,000 ብር ይሆናል። ይህ ብቻውን አይበቃም። ሥራ የያዙት የአገራችን ልጆች፣ በውጭ ያሉትም ጭምር፣ በቅሬው ደንብ ይጠየቃሉ፤ ቅሬ እንደ አቅም ነው፣ የቀረ ግን ይቀጣል።

የዚህ ግቢ አባሎችስ ሥራቸው ገንዘብ መክፈል ብቻ ነውን ለሚለው፣ አይደለም። እያንዳንዷ አባል አንዲት እኅት ትይዛለች። በሳምንት አንድ ጊዜ በስልክ ታነጋግራታለች፤ በክረምት ወደ አገራቸው የሚገቡት ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠናሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ እናስታውሳለን፤ ጥሩ ውጤት ካመጡት ጥቂት ትምህርት ቤቶች መካከል ደግሞ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስማቸው ተደጋግሞ ተጠርቷል። የአዳሪዎቹ ተማሪዎች ተመርጠው የገቡ ስለ ሆኑ ማደሪያው ብቻውን ይህን አደረገ አንልም። በማታ መብራትና ሦስት ጊዜ ምግብ ያላት ልጅ ግን የሌላት ልጅ ከምታጠናው በላይ እንደምታጠና ለመረዳት ጥናት የሚያስፈልገው ሰው ያለ አይመስለንም።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ያሉን መምህር እውነታቸውን ነው። ማመልከቻውን እንጽፋለን፣ እሳቸውም ቢፈርሙልን ደስ ይለናል። ነገር ግን ማመልከቻው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲሄድ መስከረም አይጠብቀውም። «ወንዶቹስ?» ለሚለው ጥያቄ የምንመልሰው ከመካከላችን ወንዶቹ ነን። እኛም ርቦናል፣ እኛም በድርቆሽ ተምረናል። ነገር ግን ክፍል ባጣን ጊዜ በሰው በረንዳ አድረናል፣ በመጋዘን ጠባቂ ሆነን አድረናል፤ ስማችን አልጠፋም፣ አባታችንም ከትምህርት ቤት አላስወጣንም። እኅቶቻችን አንድ ሌሊት እንዲህ ቢያድሩ ምን እንደሚባል የምናውቀው እኛ ነን፤ የሚሉትም እኛን የመሰሉ ናቸው።

ሐሳቡ በድምፅ ካለፈ የመመዝገቢያው ደብተር ከኅብረቱ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጣል። የሦስቱ ወር ገንዘብ እስከ ጳጉሜን መያዝ አለበት። ከመካከላችን ሁለት ሴቶች በሐምሌ ወደ ቆቦ ወርደው ግቢ ይመለከታሉ፤ ከአስፋልቱ ፈቀቅ ያለ፣ ከትምህርት ቤቱ በእግር ከሩብ ሰዓት የማይርቅ፣ ቧንቧውና መታጠቢያው በአጥሩ ውስጥ የሆነ። ውል ከመፈራረማቸው በፊትም የእያንዳንዱ ክፍል በር ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን በእጃቸው ሞክረው ያያሉ።